የቤት ኮምፒዩተር ስክሪን፦ ጆንያው ሲሰፋ ሰሊጡ አይጨምርም

በጂንካ የቅዳሜ ገበያ እህሉም፣ ማሩም፣ ቡናውም በሚዛን ወይም በጣሳ ተለክቶ ነው የሚሸጠው። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ሰኞ ቱርሚ የሚወርደው ነጋዴም ቢሆን ዕቃውን በእጁ ሳይመዝን፣ ጆንያውን ፈትቶ ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለቤቱ ኮምፒዩተር ሊገዛ ሲነሣ ግን ስለ ስክሪኑ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ኢንች ነው?» ይላል። መልሱን ከሰማ በኋላም ኪሱ የፈቀደለትን ትልቁን ያስጭናል።

ኢንች ግን የስክሪን ጆንያ ነው። በውስጡ ምን ያህል እንዳለ አይናገርም። አንድ ኩንታል ሰሊጥ ሰፋ ወዳለ ጆንያ ቢገለበጥ ያው አንድ ኩንታል እንደሆነ ሁሉ፣ ስክሪንም ኢንቹ ስለጨመረ ብቻ የሚያሳየው ነገር አይጨምርም። ይህን ሳያውቁ መግዛት ለማንም ጥሩ አይደለም። ለጂንካና ለደቡብ ኦሞ ሸማች ደግሞ ስሕተቱ ይበልጥ ውድ ነው። ከአዲስ አበባ ጂንካ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአርባ ምንጭ እንኳ ቢመጣ በኮንሶ፣ በወይጦና በቀይ አፈር በኩል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ልኩ ያልሆነን ስክሪን መልሶ ለመቀየር የሚወጣው የማጓጓዣ ወጪ፣ የሚባክነው ቀንና መስተዋቱ የመሰበር አደጋው ሲደመር ብዙ ሰው «ይሁን» ብሎ ለዓመታት በማይስማማው ስክሪን እንዲሠራ ያስገድዱታል።

ዋጋውም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በዚሁ ስለሚሰላ፣ ለማያስፈልግ ኢንች የሚከፈለው ብር የዋዛ አይደለም።

ፍላጎቱ ደግሞ እየጨመረ ነው። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀምሯል። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. በከፊል በዚሁ መንገድ ተሰጥቷል። የንግድ ፈቃድ እድሳቱም፣ የግብር ማሳወቂያውም ወደ ኢንተርኔት እየገባ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተር በአንድ ቤት ውስጥ ለአባት የሒሳብ መዝገብ፣ ለልጅ ደግሞ የትምህርት መሣሪያ ሆኗል።

ኢንቹ የሚለካው ከየት እስከ የት ነው?

የስክሪን ኢንች ወርዱ ወይም ቁመቱ አይደለም፤ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለው የሰያፍ ልክ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ልኬቱ ምስል የሚታይበትን ክፍል ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ዙሪያውን ያለው የፕላስቲክ ጠርዝ አይቆጠርም።

ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ጉዳይ ከፍተኛ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከኋላው ሰፊ ሆድ የነበረው የድሮው ሞኒተር 17 ኢንች ተብሎ ሲሸጥ፣ ምስል የሚታይበት ክፍል 16 ኢንች አካባቢ ብቻ ነበር። ቀሪው በጠርዙ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አምራቾች በዚሁ ምክንያት ተከስሰው፣ ከዚያ ወዲህ የሚታየው ክፍል ልክ ለብቻው እንዲጻፍ ሆኗል። በዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ይህ ችግር ባይኖርም የማጠጋጋት ልማድ አልቀረም። በገበያ «19» የሚባለው ሰፊ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ 18.5፣ «22» የሚባለው 21.5፣ «24» የሚባለውም 23.8 ኢንች ነው።

ቅርጹም ልዩነት ያመጣል። ከቢሮዎች ወጥቶ ባገለገለ ዕቃ ገበያ የሚገኘው ካሬ መሰል 19 ኢንች ስክሪን ወርዱ 37.7፣ ቁመቱ 30.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። «19» ተብሎ የሚሸጠው ሰፊው 18.5 ግን ወርዱ 41፣ ቁመቱ 23 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በስም አንድ የሆኑት ሁለቱ ዕቃዎች በቁመት የ7 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አላቸው። እንዲያውም ካሬው 19 ከሰፊው 24 ጋር በቁመት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ደብዳቤና ማመልከቻ ሲጽፍ ለሚውል ሰው ያገለገለ ካሬ 19 አሁንም የሚናቅ ዕቃ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ገዢው ሜትር ባይዝ ከማንኛውም ኮፒ ቤት አንድ የኤፎር ወረቀት ይዞ መሄድ ይችላል። የኤፎር ቁመት 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። የ24 ኢንች ሰፊ ስክሪን ቁመትም ከዚሁ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። ወረቀቱ ቆሞ ከምስሉ ክፍል በ3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከበለጠ ስክሪኑ 22 ነው። ስክሪኑ ወረቀቱን በ4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከበለጠው ደግሞ 27 ነው። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ በጀርባው ያለው የሞዴል ቁጥርም ይረዳል። ለምሳሌ ዴል ፒ2419ኤች በሚለው ስም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የ24 ኢንች ምልክት ናቸው። ኢ1916ኤች ደግሞ «19» የሚባለው 18.5 ነው።

ሰሊጡ የቱ ጋ ነው?

የስክሪን ይዘት የሚለካው በምስል ነጥቦች፣ በተለምዶ ፒክስል በሚባሉት ነው። የተለመደው 18.5 ኢንች ስክሪን በወርዱ 1366፣ በቁመቱ 768 ነጥቦች አሉት። ይህ ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ፉል ኤችዲ የሚባለው 21.5 ኢንች 1920 በ1080 ነጥቦች ስላሉት ከሁለት ሚሊዮን ያልፋል። ከ18.5 ወደ 21.5 መሸጋገር የሚታየውን ስፋት በ35 በመቶ ሲጨምር፣ ይዘቱን ግን እጥፍ ያደርገዋል።

ይህ ለነጋዴ በቀጥታ የሚታይ ጥቅም ነው። በኤክሴል ሒሳብ የሚይዝ ሰው በትንሹ ስክሪን 20 ያህል አምዶችን ሲያይ፣ በፉል ኤችዲው ግን 28 ያህል ያያል። የዓመቱን 12 ወሮች ከነገቢና ወጪያቸው ጎን ለጎን ያሰፈረ ነጋዴ 24 አምድ ብቻ ለወሮቹ ያስፈልገዋል። በትንሹ ስክሪን ወዲያና ወዲህ ሲገፋ መስመር ተሳስቶ የሰኔን ወጪ በሐምሌ ሊመዘግብ ይችላል። በፉል ኤችዲው ግን ዓመቱ በሙሉ በአንድ እይታ ይታያል።

ከዚያ በላይ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። 21.5፣ 23.8 እና 27 ኢንች ስክሪኖች ሦስቱም ፉል ኤችዲ ከሆኑ የነጥባቸው ቁጥር አንድ ነው። ሦስቱም የሚያሳዩት የአምድ ቁጥር ያው ነው። ሰሊጡ አንድ ሆኖ ጆንያው ብቻ ሰፋ ማለት ነው። ከ24 ወደ 27 ሲኬድ ስፋቱ በ29 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ግን በዚያው ልክ ይወፍራል። የ27 ኢንቹ ፉል ኤችዲ አንድ ነጥብ 0.31 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ ርካሽ ከሆነው 18.5 ነጥብ እንኳ በመጠኑ ይወፍራል።

27 ኢንች ትርጉም የሚኖረው 2560 በ1440 ነጥብ ያለው ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ግን ገዢው ሲፒዩውንም መመልከት አለበት። የድሮ ኮምፒዩተር ቪጂኤ ወይም ቀደምት ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ይህን ሁሉ ነጥብ በአግባቡ ላያወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሸማቹ ለ2560 ከፍሎ 1920 እየተመለከተ ይቀመጣል።

ለፊደል የሚበጀው

በአማርኛ የሚሠራ ሰው ተጨማሪ ምክንያት አለው። የፊደላችን ልዩነት በትንንሽ ቅጥያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። «ጡ» እና «ጢ»፣ «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው። ነጥቡ በወፈረ ቁጥር ጭረቷ ትደበዝዛለች። በመሆኑም በሱቅ ውስጥ ስክሪን ሲፈተሽ የሚያምር ፎቶግራፍ ከመመልከት ይልቅ፣ በፓወር ግእዝ ወይም በሌላ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ አንድ ገጽ በ12 የፊደል መጠን ከፍቶ ማንበብ የተሻለ ነው።

በዚህ ረገድ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ መልካም ጠባይ አለው። ባለ 12 መጠን ፊደል በወረቀት ላይ 4.2 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ሲይዝ፣ በዚህ ስክሪን ላይ በ100 በመቶ ሲታይ 4.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በስክሪን የታየው በወረቀት ከሚወጣው ጋር ተቀራራቢ ይሆናል ማለት ነው። በ22 ኢንች 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን ጥራቱ ቢጨምርም ለደከመ ዓይን በመጠኑ ያንሳል። ለንባብ መነጽር የሚያደርጉ አባት ወይም እናት የሚሠሩበት ከሆነ 27 ፉል ኤችዲም ቢሆን ተገቢ ግዢ ሊሆን ይችላል። ፊደሉ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳልና። ያን ጊዜ ግን የሚገዛው የፊደል ትልቅነት እንጂ ተጨማሪ ይዘት አለመሆኑ መታወቅ አለበት።

ጠረጴዛው ምን ይላል?

ቀጣዩ መለኪያ የተቀማጩ ዓይን ከስክሪኑ ያለው ርቀት ነው። ቀላሉ ደንብ ርቀቱ ከስክሪኑ ሰያፍ ልክ እንዳያንስ ማድረግ ነው። በዚህ መሠረት 22 ኢንች 55፣ 24 ኢንች 60፣ 27 ኢንች 69፣ 32 ኢንች ደግሞ 81 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይፈልጋል። ከዚህ ከቀረበ ዓይን ብቻ ሳይሆን አንገትም ሲዞር ይውላል።

የጂንካ አናጢ የሚሠራው የቤት ጠረጴዛ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የስክሪኑ እግርም ከግድግዳው ጥቂት ስለሚርቅ፣ ተቀማጩ ወደ ኋላ ቢደገፍ እንኳ 24 ኢንች ልክ ነው። ጠረጴዛው 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 22 ይበቃል። 27 ለመግዛት የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ጠረጴዛውን ያሰፋ። ጠረጴዛ አሳዝዞ ማሠራት ይቻላል፤ ስክሪን ግን በልክ አይሠራም። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝም ከዓይን ጋር ትይዩ ወይም በጥቂቱ ዝቅ ያለ እንዲሆን ማድረግ ይገባል።

ቴሌቪዥኑ አይበቃም ወይ?

ብዙ ሰው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ለመምታት 32 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝቶ ከሲፒዩው ጋር ያገናኛል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በዚህ መጠን ከሚሸጡት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ነጥብ ብቻ ያላቸው ናቸው። የትንሹ 18.5 ስክሪን ሰሊጥ ሦስት እጥፍ ገደማ በሚሰፋ ጆንያ ውስጥ ተበትኗል ማለት ነው። ከሶፋ ላይ ሆኖ ፊልም ለማየት ያምራል፤ ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ ደረሰኝ ለማንበብ ግን ፊደሉ በነጥብ በነጥብ ተቆራርጦ ይታያል። ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ቢያንስ ፉል ኤችዲ መሆኑን ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ማረጋገጥ አለበት።

መብራት ሲሄድ

ኮምፒዩተር ያለ ዩፒኤስ መግዛት ሥራን ለመብራት መቆራረጥ ማጋለጥ ነው። የስክሪኑ መጠን ከዚህም ጋር ይያያዛል። የድሮው 17 ኢንች ባለ ሆድ ሞኒተር 80 ዋት አካባቢ ሲወስድ፣ የዛሬው 24 ኢንች ጠፍጣፋ ስክሪን 20 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። በትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሲፒዩው 60 ዋት ቢወስድ፣ ከጠፍጣፋው ጋር 80፣ ከባለ ሆዱ ጋር 140 ዋት ይሆናል። በተግባር የሚገኘው ጊዜ በወረቀት ከሚሰላው በጣም ያነሰ ቢሆንም፣ ባለ ሆዱ ባትሪውን በግማሽ ጊዜ ገደማ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አሮጌ ሞኒተር በነፃ ቢገኝ እንኳ ነፃ አይደለም።

ከዋናው መስመር ውጪ በፀሐይ ኃይል ለሚጠቀሙ የገጠር ከተሞች ነዋሪዎች ደግሞ እያንዳንዱ ዋት ይቆጠራል። ለእነዚህ 22 ኢንች ከበቂ በላይ ነው። ከ24 ወደ 27 ለመውጣት የታሰበው ተጨማሪ ብር ለዩፒኤስና ለስታቢላይዘር ቢውል ዕቃውንም ሥራውንም ያድናል።

መንገዱ

ስክሪን መስተዋት ነው። በሰፋ ቁጥር የመሰበር ዕድሉም ይሰፋል። በሕዝብ ማመላለሻም ሆነ በአይሱዙ ሲጫን፣ ከነካርቶኑና ከነስፖንጁ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መሄድ የለበትም። ከላዩ ጆንያም ሆነ ሻንጣ አይጫንበት። ከመጫኑ በፊት በሱቁ ውስጥ ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎም ሙሉ ጥቁር ምስል ተከፍቶ የሞተ ነጥብና ስንጥቅ አለመኖሩ ይታይ። ጂንካ እንደደረሰም የጫነው ሰው ሳይሄድ ተከፍቶ ይፈተሽ። በማግስቱ የሚቀርብ አቤቱታ ሰሚ አያገኝም።

ለሻጩም ትምህርት አለው

በጂንካ የኮምፒዩተር ሱቅ ለመክፈት ወይም ለማስፋፋት ለሚያስብ ሰው ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። 22 እና 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ለተማሪም፣ ለነጋዴም፣ ለመሥሪያ ቤትም ስለሚስማሙ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ ያዋጣሉ። ለኮፒና ለጽሕፈት ሥራ ያገለገለ ካሬ 19 ጥቂት መያዝ ይቻላል። 27 እና ከዚያ በላይ ግን በቀብድ ታዝዞ ቢመጣ ይሻላል። ከዚህ ርቆ ካለ ገበያ የመጣ ትልቅ ስክሪን ገዢ አጥቶ ሲቀመጥ ገንዘብ ታስሮበት፣ አቧራ ጠጥቶና አዲስ ሞዴል ቀድሞት በኪሳራ ይሸጣል። ሻጩ ኢንቹን ብቻ ሳይሆን የነጥቡን ቁጥር ጭምር በዋጋ ወረቀቱ ላይ ቢጽፍም ደንበኛው ሳይጨቃጨቅ ይገዛዋል።

ሲጠቃለል

አንድ የጂንካ ቤተሰብ ይታሰብ። አባት ቀን የሰሊጥና የቡና ሒሳቡን ይይዛል፤ ልጅ ማታ ለፈተና ያጠናል፤ ጠረጴዛው 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ቤት 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ልክ ነው። ገንዘብ ካጠረ 22 ምንም አያጎድልበትም፤ የነጥቡ ቁጥር ያው ነውና። ስፋቱ ከ22 ወደ 24 ሲኬድ በ22 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የዋጋው ልዩነት ከአንድ አምስተኛ ካልበለጠ 24ን፣ ከበለጠ 22ን መውሰድ ይበጃል። ከ22 ወርዶ ባለ 1366ቱን መግዛት ግን ዛሬ ጥቂት መቶ ብር አድኖ ነገ ሥራ ማጓተት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከቤት ሳይወጡ ጠረጴዛውን መለካት፣ ሱቅ ሲደርሱ በቅድሚያ ነጥቡን፣ ቀጥሎ ኢንቹን መጠየቅ፣ ከመክፈል በፊት የአማርኛ ገጽ ከፍቶ ማንበብ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረት ከድስቱ አልፎ ለስክሪኑም ይሠራል። ለጂንካ ነጋዴ ደግሞ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ ፈትቶ የሚያየው እሱ ነውና።